በንብረት ክፍል ውስጥ ክርስቲያን ሆኖ መኖር

ይህን የምጽፈው በመሥሪያ ቤታቸው ያላዩትን እንዳዩ፣ ያልተረከቡትን እንደተረከቡ አድርገው እንዲፈርሙ እየተጠየቁ፣ ከሃይማኖታቸውና ከእንጀራቸው የትኛውን እንደሚይዙ ለጨነቃቸው ወንድሞችና እህቶች ነው። ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው፤ ጠዋት የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ፣ ማታ ዳገቱን ወጥቼ እገባለሁ። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ባለፉት ዓመታት የገጠመኝ ፈተና ቀላል አልነበረም፤ ያለፍኩትም የሰዎች ምክርና እገዛ ስላልተለየኝ ነው። ያንን ምክር ለራሴ ብቻ ይዤ መቀመጥ አግባብ መስሎ አልታየኝም።

ያደግሁት በሰንበት ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ዕድሜዬ ተልእኮ ሲባል የሚታየኝ መድረክ ላይ ቆሞ የሚሰብክ መምህር፣ ወደ ገጠር ወርዶ የሚያስተምር አገልጋይ፣ ወይም መስከረም 21 ቀን ለሚከበረው የግሸን ማርያም በዓል በደሴ በኩል የሚያልፉትን ምእመናን የሚያስተናግድ ወጣት ነበር። መሥሪያ ቤት እንጀራ የሚበላበት፣ ቤተ ክርስቲያን እግዚአብሔር የሚገለገልበት ቦታ ነው ብዬ ለይቼ አስቀምጬው ነበር፤ ብዙዎቻችን ሳናስተውለው እንዲህ የምንኖር ይመስለኛል።

በ2013 ዓ.ም. ክረምትና በ2014 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን ደሴ ገብተው በየትምህርት ቤቱ ሲጠለሉ፣ እኛም እንደ ከተማው ሕዝብ ሁሉ ያለንን ይዘን ወጣን። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እንጀራ እየጋገረ፣ ልብስ እየሰበሰበ ያመጣ ነበር። ከእኛ ጋር ያገለግሉ የነበሩ አንድ አዛውንት ዱቄት በገባ ቁጥር ሁለት ሰዎች ለየብቻ እንዲቆጥሩ፣ የገባውና የወጣውም ተጽፎ በር ላይ እንዲለጠፍ አጥብቀው ያዙን። አንዳንዶቻችን «ለእግዚአብሔር ብለን በምንሠራው ሥራ ይህን ያህል መጠራጠር ለምን አስፈለገ?» ብለን ጠየቅናቸው። እሳቸውም ቅዱስ ጳውሎስ ለቅዱሳን ርዳታ የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን እንዳልያዘ፣ በአብያተ ክርስቲያናት የተመረጠ ሰው አብሮ እንዲሄድ እንዳደረገ፣ ምክንያቱንም በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 8 ላይ እንደጻፈው ነገሩን፤ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን ያስብ ነበርና። ኮሌጅ ገብቼ የተማርኩት፣ ደመወዝ የሚከፈለኝ የቆጠራ ሥራ የእምነቴም ጉዳይ መሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ። ስለዚያ ጊዜ እዚህ ብዙ አልጽፍም። ከኅዳር ወር በኋላ ወደ ሥራችን ስንመለስ የጠበቀን በር የሌለው ቢሮ፣ የተበታተነ መዝገብና ባዶ መጋዘን ነበር። ጥገናው ተጀመረ። ሲሚንቶ በመላ አገሪቱ የጠፋበት፣ የተገኘውም በእጥፍ ዋጋ የሚሸጥበት ጊዜ ስለነበር፣ አንድ መኪና ሲሚንቶ ግቢ ሲገባ ሠራተኛው ሁሉ ከቢሮው እየወጣ ያይ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተሳቢ ያለው መኪና ገባ። የመላኪያ ሰነዱ 400 ኩንታል ይላል፤ በባለ 50 ኪሎው ከረጢት 800 መሆን አለበት ማለት ነው። የቀን ሠራተኞቹ እያወረዱ አሥር አሥር አድርገው ደረደሩት፤ የሲሚንቶው አቧራ ቅንድባቸው ላይ ተጋግሮ ፊታቸው አይለይም ነበር። ድርድሩን እየዞርኩ ቆጠርኩ፤ 620 ሆነ። እጄን በየረድፉ እያሳረፍኩ ደግሜ ቆጠርኩ፤ ያው 620 ሆነ። ኃላፊያችን መጥተው «ቀሪው ነገ ይመጣል፤ ሾፌሩ መንገደኛ ነው። ለጊዜው የሙሉውን ሞዴል 19 ቁረጪለትና ይሂድ» አሉኝ።

በንብረት ክፍል ላልሠራ አንባቢ ነገሩን ላብራራ። ሞዴል 19 ንብረት ገቢ መሆኑን የሚያረጋግጥ ደረሰኝ ነው። ፋይናንስ ለአቅራቢው የሚከፍለው ይህን ደረሰኝ አይቶ ነው እንጂ መጋዘን ገብቶ ከረጢት ቆጥሮ አይደለም። እዚያ ወረቀት ላይ የሚያርፈው ፊርማ «አይቻለሁ፣ ቆጥሬያለሁ፣ ተረክቤያለሁ» የሚል ቃል ነው። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ ቆጠራ ይመጣል፤ ያኔ ጉድለቱ የሚጠየቀው ከፈረመው ሰው ነው እንጂ «ፈርሚ» ካለው ሰው አይደለም፤ ትእዛዙ በቃል ነውና።

«የገባውን 620 አሁኑኑ እቆርጥለታለሁ፤ ቀሪው ሲመጣ ሌላ ይቆረጣል» አልኳቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ። «እስከ ነገ አስቢበት» ብለውኝ ሄዱ።

ያን ዕለት ደሴ ስደርስ ወደ ቤቴ ሳልሄድ፣ ከሠርክ ጸሎት በኋላ የንስሐ አባቴን ጠብቄ አነጋገርኳቸው። ሁሉንም ከነገርኳቸው በኋላ «እነዚህ ሰዎች እኮ ሌቦች ናቸው፣ አባቴ» አልኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው «ሲሚንቶው ሲሰረቅ አይተሻል፣ ልጄ?» አሉኝ። አላየሁም። «እንግዲያው ያልገባውን ገብቷል ብለሽ ብትፈርሚም፣ ያላየሽውን ሰርቀዋል ብለሽ ብታወሪም፣ ሁለቱም በሐሰት መመስከር ነው። ያየሽው 620 ነው፤ 620 በዪ። አትጨምሪ፣ አትቀንሺ።»

ከዚያ በኋላ ለመጣው ሁሉ ስንቅ የሆነኝ ይህ ምክር ነው። «አልፈርምም» ለማለት ቆርጬ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ ወዲያ በአንደበቴ ላይ ልጓም ያደረገልኝ ግን የእሳቸው ቃል ነው። እንደማየው በሥራ ቦታ ለእውነት የቆሙ ብዙ ክርስቲያኖች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። በማያምኑበት ወረቀት ላይ አልፈርምም ይላሉ፤ እሰየው። በማግሥቱ ግን ከሻይ ቤት እስከ ፌስቡክ ድረስ የሰው ስም ያነሣሉ፣ የሰሙትን ካዩት ጋር ይቀላቅላሉ፣ በስም ማጥፋት ሲከሰሱም «ስለ ክርስቶስ ተሰደድኩ» ይላሉ። ስለዚህ እናንተም እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ በዚያው ዕለት ቀኑን፣ የመኪናውን ታርጋ፣ የመላኪያ ሰነዱን ቁጥርና የቆጠራችሁትን መጠን በአጭር ማስታወሻ ጽፋችሁ ለቅርብ ኃላፊያችሁ አስገቡ፤ ግልባጩ ለውስጥ ኦዲት ይድረስ፤ አንዱን ቅጂ ገቢ ሆኖ ማኅተም ሲያርፍበት ቤታችሁ አስቀምጡ። ማስታወሻው ውስጥ «ይመስለኛል» የሚል ቃል አይግባ። በዓይናችሁ ያያችሁት ወንጀል ካለ ደግሞ ለሥነ ምግባር መከታተያ ክፍል ወይም ለሕግ አካል መጠቆም መብት ነው፤ የወንጀል ጠቋሚዎችንና ምስክሮችን ለመጠበቅ የወጣ አዋጅ ቁጥር 699/2003 የሚባል ሕግ መኖሩንም እወቁ።

በማግሥቱ ማስታወሻዬን ይዤ ገባሁ። ኃላፊያችን «አንቺ ተሳስተሽ ቆጥረሽ ቢሆንስ?» ሲሉኝ፣ የበሩ ጥበቃ መዝገባቸውን ይዘው መጡ። ሠራተኛው ሁሉ «ሼህዬ» እያለ የሚጠራቸው፣ ጢማቸው በሒና የቀላ አረጋዊ ናቸው። እኔ ምንም አልጠየቅኳቸውም ነበር። መዝገባቸው ላይ የመኪናው ታርጋና የገባበት ሰዓት ተጽፏል፤ ከጎኑ ደግሞ ከረጢቱ ሲራገፍ በሰማያዊ ስክሪብቶ አንድ በአንድ እየጫሩ፣ አምስት ሲሞላ በላዩ እየሰረዙ የያዙት ቆጠራ ገጹን ሞልቶታል። ድምሩ 620 ነበር። «እኔ የያዝኩት አማና ነው፤ ያየሁትን ነው የጻፍኩት» አሉ። ሞዴል 19 በ620 ተቆረጠ።

ስለ ተልእኮ ስናስብ «እኛ የምንሰጥ፣ ሌላው የሚቀበል» የሚል መንፈስ ያድርብናል። ያን ቀን በሃይማኖት የማይመስሉኝ አባት ስለ እውነት ከጎኔ ቆመዋል። እግዚአብሔር በሥራ ቦታችን ከእኛ በፊት ያዘጋጃቸው ሰዎች እንዳሉ ከዚያ ወዲህ አልተጠራጠርኩም።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ብዙም ሳይቆይ ከንብረት ክፍል ተነሥቼ መዝገብ ቤት እንድሠራ ተደረግሁ፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያዬ ቀረ፣ ለመስክ የሚሰጠው አበልም አልደረሰኝም። አብረውኝ ምሳ ይበሉ የነበሩት ሰዎች ሲያዩኝ ወሬ ማቆም ጀመሩ። «ጻድቋ» የሚል ስም ወጣልኝ። የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ሲደርስ ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን ከወጪያችን ምን እንደምናጥፍ የምንነጋገርበት ምሽት ብዙ ነበር። ያን ጊዜ የጠቀመን ሁለት ነገር ነው፤ አስቀድመን የገባንበት ዕቁብ፣ እና ከመሥሪያ ቤት ሰው የተበደርነው ብር አለመኖሩ። ይህን ለወጣት ሠራተኞች ሁልጊዜ እነግራለሁ፤ ለኃላፊው ወይም ለአቅራቢው ባለዕዳ የሆነ ሰው «አይሆንም» ለማለት አፉን ሊከፍት አይችልም። የበዓል በግ፣ የልጅ ክርስትና ስጦታ፣ «ችግር የለም፣ ስታገኚ ትመልሽዋለሽ» የተባለ ብር፣ ሁሉም ፊርማ የሚጠየቅበት ቀን ሲመጣ ይነሣል።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን ያደማው ከማኅበራችን ሰዎች የሰማሁት ነበር። አንዷ እህት ከልቧ አዝናልኝ «ፈርመሽ የሚሰጥሽን ለቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ማሠሪያ ብታገቢው ኖሮ አንቺም አትጎጂ፣ እግዚአብሔርም ይከብርበት ነበር» አለችኝ። ክፉ ሰው አይደለችም። ይህ አስተሳሰብ ግን በመካከላችን ሥር ሰዷል፤ በስለትና በዐሥራት የማይነጻ ገንዘብ ያለ አይመስለንም። ቀራጩ ዘኬዎስ በግፍ የወሰደውን ለምኵራብ እሰጣለሁ አላለም፤ በሐሰት ከሰው የወሰደውን አራት እጥፍ አድርጎ ለዚያው ሰው ለመመለስ ነው ቃል የገባው።

መዝገብ ቤት ጸጥ ያለ ቦታ ነው። በምሳ ሰዓት መጽሐፍ ቅዱስ የማንበብ ዕድል አገኘሁ፤ ከልጅነቴ የማውቃቸው ታሪኮችም እንደ አዲስ ተከፈቱልኝ። ዮሴፍ በግብፅ የሠራው ሥራ በጥጋቡ ዘመን እህል ገቢ ማድረግ፣ በረሃቡ ዘመን ወጪ ማድረግ ነው፤ በእኛ ቋንቋ የመጋዘን ሥራ ነው። ብዙ ሕዝብ የዳነው በዚያ ነው። ዳንኤልን ሊከሱት የፈለጉ ሹማምንት በመንግሥት ሥራው ላይ ስሕተት ፈልገው አጡ፤ የቀራቸው ከጸሎቱ ጋር የተያያዘ ክስ መፈለግ ብቻ ነበር። ከአንበሶቹ ጉድጓድ በፊት ለብዙ ዓመት የተያዘ ንጹሕ መዝገብ እንደነበረ ሰባኪዎቻችን እምብዛም አያነሡትም። ከሁሉ በላይ ያጽናናኝ ግን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ላይ ያለው የመጥምቁ ዮሐንስ መልስ ነው። ቀራጮችና ወታደሮች «ምን እናድርግ?» ብለው ሲጠይቁት፣ እርሱ ራሱ በረሃ የሚኖር ሆኖ ሳለ ሥራችሁን ትታችሁ ወደ በረሃ ተከተሉኝ አላላቸውም። ቀራጩን ከታዘዘው አብልጦ እንዳይወስድ፣ ወታደሩን በማንም ላይ ግፍ እንዳይሠራና ደመወዙ እንዲበቃው ነገራቸው። ተልእኮ ፍለጋ ከሥራዬ መውጣት እንደማያስፈልገኝ የተረዳሁት ይህን ሳነብ ነው።

ያም ሆኖ በውስጤ ቂም እያደገ ነበር። ኃላፊያችንን ኮሪደር ላይ ሳያቸው ሰላምታዬ ከከንፈር አያልፍም፤ ማታ ስጸልይም ስማቸው ላይ ስደርስ እዘለዋለሁ። በዚህ መካከል እናታቸው ደሴ ውስጥ ማረፋቸውን ሰማን። ባልሄድ ማንም አይታዘበኝም ነበር፤ እንዲያውም ብዙዎች የማልሄድ መስሏቸው ነበር። ባለቤቴ «ፊርማውን የከለከልሽው ለእግዚአብሔር ብለሽ ከሆነ ለቅሶውንም ለእሱ ብለሽ ድረሽ» አለኝ። ሄድኩ። የሰፈሩ ቅሬ (ዕድር) ድንኳን ተክሏል፤ እስላም ክርስቲያኑ አብሮ ተቀምጧል። ጓዳ ገብቼ ከሴቶቹ ጋር ሰሐን አጠብኩ፣ ውኃ አመላለስኩ። እስከ ሠልስቱ ድረስ ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ እዚያ ነበርኩ። በመጨረሻው ቀን ኃላፊያችን ጓዳ ድረስ መጥተው አዩኝና «አንቺም መጣሽ?» አሉኝ። «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አልኳቸው። ሌላ ነገር አልተነጋገርንም። ወደ ቦታዬ አልመለሱኝም፤ ይቅርታም አልጠየቁኝም፣ እኔም አልጠበቅሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በጸሎቴ ስማቸውን መዝለል ተውኩ። እውነት መናገር ብቻውን ክርስትና የሚሆን ቢመስለን እንሳሳታለን፤ «አይሆንም» ያልነው ሰው ቤት በሐዘኑ ቀን መገኘት የዚያው ተልእኮ ግማሽ ነው፤ ለእኔ ደግሞ ከባዱ ግማሽ ይህ ነበር።

ቀሪው ሲሚንቶ ከብዙ ሳምንታት በኋላ መጣ። የት ቆይቶ እንደመጣ አላውቅም፤ ያኔ በስሜት ተነሣሥቼ «ተሰርቋል» ብዬ አውርቼ ቢሆን ኖሮ ቃሌን የሚያጥፍ፣ አፌን የሚያስይዝ ነገር ይሆን እንደነበር ግን አውቃለሁ። በሰኔው ቆጠራ የመጋዘኑ ንብረትና መዝገቡ ልክ ለልክ ተገኘ። ኋላም ኃላፊው ሲቀየሩ ወደ ንብረት ክፍል ተመለስኩ።

ስለ እምነት በሥራ ቦታ መናገርን በተመለከተ ብዙዎች ይጠይቁኛል። ወሎ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ቤተሰብ፣ በአንድ ጠረጴዛ፣ በአንድ ቅሬ የሚኖርበት አገር ነው፤ ሳይጠየቁ በሥራ ሰዓት የሃይማኖት ክርክር መክፈት የባልደረባን ልብ ይዘጋል፣ የመንግሥትን ሰዓትም ይሰርቃል። ቅዱስ ጴጥሮስ በእኛ ስላለው ተስፋ ለሚጠይቁን መልስ ለመስጠት የተዘጋጀን እንድንሆን፣ ያውም በየዋህነት እንድናደርገው ነው ያዘዘን። መጠየቅ ይመጣል። ከሼህዬ ጋር በሁዳዴም በረመዳንም ስለ ጾም እንጨዋወታለን፤ የታመመ ልጅ ሲኖራቸው «በጸሎትሽ አስቢው» ይሉኛል፣ እኔም ዱዓቸውን እጠይቃለሁ። በሌላ ጊዜ ደግሞ አዲስ የተቀጠረ ወጣት መጋዘን ውስጥ ብቻዬን አግኝቶኝ «እንዴት አልፈራሽም? እኔ ቢሆን እፈርም ነበር» አለኝ። መፍራቴንማ ፈርቻለሁ አልኩት፤ ከዚያ ስለ ንስሐ አባቴ፣ ስለ ጸሎት፣ የማየውን ሁሉ ስለሚያይ አምላክ ነገርኩት። ከሰንበት ትምህርት ቤት ርቆ የቆየ ልጅ ነበር። ዛሬ በሌላ ወረዳ የንብረት ክፍል ኃላፊ ሆኖ ይሠራል፤ ወረቀት ሲያስጨንቀው ይደውልልኛል።

ባለፈው ሲደውልልኝ የነገርኩትን ለእናንተም ልንገራችሁ፤ እንደ እኔ በእውነት ምክንያት ከቦታ የሚነሣ ሰው ብዙ ጊዜ ተናድዶ ወይም አዝኖ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ጥሎ ይወጣል። እንዲህ አታድርጉ። ከሦስተኛ ሰው ጋር ቆጥራችሁ፣ የጎደለውንም የተረፈውንም ጽፋችሁ፣ በየገጹ ተፈራርማችሁ ርክክብ ሳታደርጉ ቁልፍ አትስጡ። «ነገ እንቆጥራለን፣ ዛሬ ቁልፉን ብቻ ስጪ» ከተባላችሁ መጋዘኑ በሁለት ሰው ፊት እንዲታሸግ በጽሑፍ ጠይቁ፤ የርክክብ ሰነዱን ቅጂም ከማስታወሻችሁ ጋር ቤታችሁ አስቀምጡት።